የቱሪስቷ በሶ

ያን ዕለት ጠዋት ወፍጮዬ ውስጥ የገባው የመጀመሪያው እህል የቱሪስት በሶ ነበር። ቱሪስቷ እትዬ አልታየች ናቸው፤ ስድሳን የዘለሉ፣ ለፓስፖርቱ ጉዳይ ደሴ ሦስት ጊዜ ከመመላለሳቸው በፊት ከመካነ ሰላም ርቀው የሚያውቁት አጅባር ያለውን የወንድማቸውን ቤት ብቻ የነበረ ጎረቤቴ። ግድግዳችን አንድ ነው። እሳቸው በዚያ ሲያስነጥሱ እኔ በዚህ «ይማርዎት» እላለሁ፤ «ያኑርህ» የሚለው መልስ በጭቃው አልፎ ይመጣልኛል። እኛ አገር ቱሪስት ሲባል የምናውቀው ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጭላዳ ሊያይ ወደ ፓርኩ በላንድክሩዘር የሚያልፈውን ፈረንጅ ነው። ስለዚህ ባለፎቶ ኮፒው ሁዜይፋ የቪዛውን ወረቀት ከኮምፒዩተሩ አውጥቶ ቱሪስት የሚለውን ቃል በጣቱ እያሳየ ያነበበልን ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ፤ ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። «እንግዲህ ባርኔጣ ይግዙ እትዬ፣ በሻሽ ቱሪስት የለም» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ቱሪስቷ ተብለው ቀሩ፤ እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም።

ገብሱን ለቅመውና ቆልተው ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው ምስክር ከሻርጃ በስልክ ያዘዘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በላቀው ወፍጮ የተፈጨ የገብስ በሶ። ላቀው እኔ ነኝ። ወፍጮዬ ድንጋዩ ስላረጀ ዱቄቱን ትንሽ ያሻክረዋል። ደንበኛ ሁሉ የሚያማርርበትን ይህን ሻካራነት ያቺ ልጅ ስምንት ዓመት ሙሉ በአፏ ይዛው መኖሯን የሰማሁ ጊዜ፣ እውነቱን ልናገር፣ ድንጋዩን ላስወቅር የያዝኩትን ሐሳብ ተውኩት። እትዬ አልታየች ጆንያ ላይ ተቀምጠው ቅንድባቸው ዱቄት ለብሶ በሶው ሲወርድ ያያሉ። መኪናው በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ዓርብ ደግሞ አውሮፕላን። ትኬቱን ልጅቱ ልካለች፤ የአውቶቡሱም ወንበር ከሹፌሩ ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ከሦስት ቀን በፊት ተይዟል።

ሁዜይፋ የገባው በዚህ መሐል ነው። ሁዜይፋ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ነው፤ በከተማችን የፓስፖርት ቅጽ መሙላት የሚያውቅ እሱ ነው። ለእትዬ አልታየች ያልሆነላቸው ነገር የለም። የትውልድ ቀናቸውን ቅጹ ሲጠይቅ እሳቸው ስላላወቁት መድኃኔዓለም ይሁንልኝ ብለው ሃያ ሰባትን አስሞሉ። የፎቶው ዕለት ጆሮ መታየት አለበት ተብሎ ሻሻቸውን ማውለቅ ሲኖርባቸው፣ ሁዜይፋ ከቤቱ ወጥቶ ደጅ ቆመና ባለቤቱ ፊርደውስ ናት ያነሳቻቸው። ከደጃቸው ሳይጣራ የማያልፍ ሰው ነው። ያን ጠዋት ግን ሰላምታ ሳይሰጣቸው በአጠገባቸው አልፎ ወደ እኔ መጣ። ወፍጮው ሲሠራ ሰው ለሰው አይሰማማም። ስልኩን ዐይኔ ሥር ያዘልኝ።

መልእክቱን የላከችው ሁዳ ናት፤ የኩታበር ልጅ፣ ሻርጃ ከምስክር ጋር በአንድ ክፍል የምትኖር። «ሁዜይፋ፣ ምስክር ሥራ ላይ ወድቃ ሆስፒታል ገብታ ነበር። ዛሬ ሌሊት በሦስተኛ ቀኗ አረፈች። ኢና ሊላሂ። እናቷ እንዳይሳፈሩ። እንዴት እንደምትነግሯቸው አላውቅም፤ እኔ አልችልም።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ጊዜም ያው ነው። እትዬ አልታየች ከጆንያው ላይ ሆነው አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁ፤ ድምፃቸው ባይደርሰኝም ያሉት ገብቶኛል፤ እኔን ነው የምታሙኝ ወይ ነው። አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። ምን ላድርግ። ሳቁ፤ ዱቄቱ ከቅንድባቸው ረገፈ። እህል ያለቀበት ድንጋይ በባዶው ሲፋጭ ክፉኛ ይጮኻል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ባለወፍጮ ሆኜ ያን ጩኸት ያን ዕለት አልሰማሁትም። ተነሥተው ትከሻዬን የነኩኝ እሳቸው ናቸው።

ወፍጮው ዝም ሲል ሁዜይፋን፣ እስቲ ያችን ልጅ ደውልልኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስልኳ እምቢ አለኝ አሉት። ኔትወርኩ ነው እትዬ አላቸው፣ መሬት መሬት እያየ። ኔትወርክ እንደሁ እኛ ዘንድ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ማንም አይጠረጥረውም። እሺ፣ ነገ ደሴ ስገባ ይይዝልኛል ብለው በሶውን በሳፋ ይዘው ሊወጡ ሲሉ ቀና ብለው አዩኝና ፊትህ ምን ሆኗል አሉኝ። «ዱቄት ነው» አልኳቸው። ባለወፍጮ መሆን ለአንድ ነገር ይጠቅማል።

ወፍጮውን ዘግቼ ከሁዜይፋ ጋር የንስሐ አባታቸው ወደሆኑት ወደ መምሬ ኪዳነማርያም ሄድን። መምሬ ከግቢያቸው በር ላይ ቆመው ሰሙን። እኔ አሁኑኑ ይነገራቸው ባይ ነበርኩ፤ ሰው ለሞተችበት ልጅ ስንቅ ሲቋጥር እያዩ መዋል ነውር ነው አልኩ። መምሬ እምቢ አሉ። መርዶ በእኩለ ቀን አይረዳም፤ ወንድሟ ይጠራ፤ ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ፣ ሁለት ሴቶች ከግራ ከቀኝ ይዘዋት ነው የምትሰማው፤ ደም ግፊት ያለባት ሴት ብቻዋን ሰምታ ድንጋይ ላይ ብትወድቅ ማን ይጠየቃል አሉን። ጎህ ሲቀድማ አውቶቡስ ተራ ናቸው አልኳቸው። «እንግዲያስ ከአውቶቡሱ በፊት እንድረስ» አሉ። ሁዜይፋ፣ እስከዚያ ምን እንሁን ብሎ ጠየቀ። መምሬ ወደ እኔ ዞሩና እንዲህ አሉኝ፦

«እንደ ልማድህ እየቀለድክ ዋል። አንተ ዛሬ ዝም ካልክ ታውቅብሃለች።»

ዕድሜዬን ሙሉ ቀልድ አታበዛ ሲሉኝ የኖሩት መምሬ ኪዳነማርያም ናቸው። ሁዜይፋ አጅባር ወዳሉት ወንድማቸው ወደ አያ ገበየሁ ሊደውል ሄደ፤ እኔ ወደ ቤቴ። ለባለቤቴ ለሸዋረግ ስነግራት አልጮኸችም። አንድ ጨርቅ አንሥታ አፏ ውስጥ ከተተች፣ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ አወጣችውና ሽንኩርት አምጣልኝ አለች። ቤት ያለው አይበቃም ወይ ስላት አይበቃም አለች። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ መጣሁ። ያን ቀን እኛ ቤት የተላጠው ሽንኩርት ለሠርግ ይበቃ ነበር፤ እትዬ አልታየች በመጡ ቁጥር ሸዋረግ ዐይኗ የቀላበት ምክንያት ጭኗ ላይ አለ።

ከቀትር በኋላ ሻንጣውን እንድመዝንላቸው ጠሩኝ። የእትዬ አልታየች ቤት አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ነው። ቴሌቪዥኑ በዳንቴል ተሸፍኗል፤ የሚከፈተው ለበዓል ነው። ካልተፈታ ላስቲኩ ጋር አልጋው ራስጌ የተቀመጠ ብርድ ልብስ አለ፤ ምስክር ከአራት ዓመት በፊት የላከችው ነው፣ እሷ ስትመጣ ትልበሰው ብለው። ከበላዩ ፎቶዋ፤ ጥቁር መነጽር አድርጋ ከአንድ ረጅም ሕንጻ ሥር ቆማለች፤ የሕንጻው ጫፍ ከፎቶው ውጭ ነው። ሻንጣው መሐል ወለሉ ላይ አፉን ከፍቷል። በሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር የተገዛ ወይን ጠጅ ሻንጣ ነው፤ አንደኛው ጎማው ከሱቅ ሲወጣም አይዞርም ነበር። በሶው፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ በሦስት ላስቲክ የታሰረው የቅቤ ቆርቆሮ፣ ለምች የሚሆን የደረቀ ዳማከሴ። ሁዜይፋ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደማይፈቀድ በትልልቅ ፊደል አትሞ ሰጥቷቸው እሳቸው ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል፤ ማንበብ ባይችሉም ይጠብቀኛል ይላሉ። የሆቴሉም ወረቀት አለ። ለቪዛው ሲባል በስማቸው ሦስት ሌሊት የተያዘ ሆቴል ነው፤ እሳቸው የማያድሩበት። ከአንድ ወር ጀምሮ የሚያሳስባቸው ይኼ ነበር፤ አልጋ አንጥፈው ሲጠብቁኝ ባልመጣ ያዝኑብኛል ይላሉ።

ሻንጣውን ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ሚዛኑ ላይ አወጣሁት፤ ሸዋረግም ተከትላን መጣች። ሃያ ሰባት። የሚፈቀደው ሃያ ሦስት ነው። አራት ኪሎ ቱሪስት ተርፏል፣ ግማሽዎን እዚህ ትተው ይሂዱ አልኳቸው፤ ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም፣ እሳቸው ግን ሳቁ። እዚያው ወፍጮ ቤት ሻንጣውን ከፍተው ያወጡት በሶውን አይደለም፣ ቅቤውንም አይደለም። የራሳቸውን ጋቢ አወጡ። የራሳቸውን ሁለት ቀሚስ አወጡ። ለአንድ ወር የሚሄዱ ሴት አንድ ቀሚስ ለብሰው አንድ ቀሚስ ይዘው ቀሩ፤ ያው ሙቀት ነው አይደል የሚሉት አሉ። ገና ግማሽ ኪሎ ይተርፋል። ከሥር አንድ አረንጓዴ ሹራብ አየሁና ይኼንንስ ምን ያደርግልዎታል፣ ሻርጃ እኮ ሰው በላብ ነው የሚኖረው አልኩ። ሹራቡ የምስክር ነው፤ ለትምህርት ቤት የምትለብሰው የነበረ፣ ክርኑ የተጠገነ። እትዬ አልታየች ከእጄ ወሰዱት፣ ሸዋረግን አዩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ምስጢር ነገሩን።

«ይዣት ልመጣ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሷም አልነገርኳት። ደጋው ጉጉፍቱ ላይ ስንደርስ ይበርዳታል ብዬ ነው።»

ሸዋረግ፣ ሽንኩርቴ እሳት ላይ ነው ብላ ወጣች። ሹራቡን እኔ መልሼ ከተትኩት። ትርፉን ግማሽ ኪሎ ሚዛኑ ነው የሚዋሸው አልኳቸው፤ የኔ ሚዛን ከሰው አብልጦ ይመዝናል ብዬ ራሴን በራሴ ሌባ አደረግሁ። ሲያምኑኝ ጊዜ ደግሞ፣ እውነትም የስንት ዓመት ገብሴን በልተሃል ብለው ጀርባዬን መቱኝ።

አሁን የሚከተለውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ምስክር በሠራተኝነት ከገባችበት ቤት ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ የመኖሪያ ወረቀት የላትም፣ ከአገሩ ከወጣች አትመለስም፤ ለዚህ ነው እናቷን ማስመጣት የፈለገችው። ቪዛውን የጨረሰው አዲስ አበባ ያለ ሰው በስልክ አስጠንቅቆናል። ቦሌ ላይም ሆነ እዚያ ሲደርሱ ዘመድ አለሽ ወይ ይሏቸዋል፤ ልጅ አለችኝ ካሉ የልጅሽን ወረቀት አምጪ ይባላሉ፤ ልጅቱም ትያዛለች፣ እሳቸውም ይመለሳሉ። ስለዚህ መልሱ አንድ ነው፦ የለኝም፣ አገር ለማየት ነው የመጣሁ። ይህን የማስጠናት ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። በየማታው በራቸው ላይ በርጩማ ላይ እቀመጥና ፊቴን አኮሳትሬ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ በሕይወቴ አንቺ ብያቸው የማላውቀውን ሴትዮ አንቺ እያልኩ እጠይቃለሁ። ሌላውን ሁሉ ይመልሳሉ። ስንት ቀን ትቆያለሽ፣ ሠላሳ። የት ታርፊያለሽ፣ ሆቴል። ምን ልታዪ መጣሽ፣ ሕንጻና ባሕር። «እዚያ ዘመድ አለሽ?» ስላቸው ግን አፋቸው በራሱ «አለችኝ!» ይላል። ደጅ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም ፓስፖርቱን ነጥቄ፣ ተመለሺ ወደ መካነ ሰላም እላለሁ። አንድ ቀን ተቆጡኝ። ሟርት ነው የምታስወራኝ፣ ወልጄ አሳድጌ፣ በምን አፌ የለችኝም እላለሁ አሉ። ለመንገዱ ሲሉ ነው እንጂ ቃል ሰው አይገድልም አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኳቸው፤ ሌላ ሰው አይደለም።

ያን ቀን ከሚዛኑ ስንመለስ በርጩማውን ራሳቸው አወጡልኝ። ዛሬስ ይቅር፣ ይረፉ አልኳቸው፤ መንገደኛ በዋዜማው አይፈተንም ብዬ የሌለ ሕግ አወጣሁ። አልሰሙኝም። ነገ በሰው ፊት እንዳልዋረድ፣ በኔ ጥፋት ልጄ እንዳትያዝብኝ አሉ። ፓስፖርታቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ተማሪ ቤት እንዳለ ልጅ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ስንት ቀን ትቆያለሽ አልኩ። መለሱ። የት ታርፊያለሽ አልኩ። መለሱ። እሳቸው ይጠብቃሉ። በግድግዳው በዚያኛው ወገን የሸዋረግ ቢላ ጠ ጠ ይላል።

«ቀጥል እንጂ፤ ዋናዋ ቀረች» አሉኝ።

«እዚያ ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም» አሉ። ሳይንተባተቡ፣ ዐይናቸውን ሳይሰብሩ። «ማንም የለኝም። አገር ለማየት ነው የመጣሁ።»

ከዚያ የእኔን ፊት ፈለጉ። አለፍኩ ወይ አሉኝ። አለፉ አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ፓስፖርቱን ሳም አደረጉና ወዲያው አማትበው ወደ ፎቶው ዞሩ፣ ለመንገዱ ብዬ ነው እናቴ፣ ከልቤ አይደለም አሉ ለፎቶው። ተነሥቼ ወጣሁ። የወፍጮ ቤቱን በር ከውስጥ ዘግቼ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጆንያው እሳቸው ጠዋት የተቀመጡበት ነው።

ሲመሽ አያ ገበየሁ በእህል ጭነት መኪና ላይ ከአጅባር ደረሱ። በጓሮ በር ነው ያስገባናቸው፤ እኅታቸው ድምፃቸውን እንዳይሰሙ ጫማቸውን አውልቀው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ገበያ መሐል ሲነጋገሩ ከማዶ የሚሰማ ድምፅ ያላቸው። እኔ ቤት መደቡ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው ቀሩ። ሸዋረግ ራት አቀረበች፤ ማንም አልቆረሰም። በግድግዳው በዚያ ማዶ እትዬ አልታየች ይንጎራደዳሉ፤ ያቺን የማትዞር ጎማ ሲጎትቱ ትሰማለች፣ ሲመልሱ ትሰማለች፤ የሻንጣው ዚፕ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የቀረ በሶ ቢጤ ሲያራግፉ መሰለኝ፣ አስነጠሳቸው። አያ ገበየሁ ሳያስቡት «ይማ…» ብለው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ወንድም ነዋ። «ይማርዎት!» አልኩ እኔ ጮክ ብዬ። «ያኑርህ፣ ገና አልተኛህም እንዴ!» የሚል መልስ በጭቃው አልፎ መጣ። የነገውን ቱሪስት ስጠብቅ ነው አልኳቸው። ሳቃቸው ተሰማን። ወንድማቸው ግድግዳውን እያዩ ነበር፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ጭቃው ላይ አኖሩት፣ እንደዚያው አቆዩት።

ጎህ ሳይቀድ ሰው ወፍጮ ቤቴ ደጅ ተሰበሰበ። መምሬ ኪዳነማርያም፣ ሁዜይፋና ፊርደውስ፣ የእድሩ ሰዎች፣ ከየቤቱ ሴቶች፣ ሠላሳ የምንሆን። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ሰው ሁሉ ተከናንቧል። ሸዋረግና ፊርደውስ ከግራ ከቀኝ ሊይዟቸው ተነጋግረዋል። ቃሉን የሚናገሩት መምሬ ናቸው። ሁሉም ተዘጋጅቷል፤ ያላሰብነው በሩ ከውስጥ እንደሚከፈት ብቻ ነው። ገና ግቢውን አቋርጠን ሳንጨርስ መብራቱ በራ፣ በሩ ተከፈተ፣ እትዬ አልታየች ምስክር የላከችላቸውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው፣ ፓስፖርቱን በመሐረብ አስረው በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ሻንጣውን ከኋላቸው እየጎተቱ ወጡ። እንዲያ ሆነን ሲያዩን ቆሙ። ከዚያ ፊታቸው በራ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ይኼ ሁሉ ሰው እኔን ሊሸኝ አሉ። በዚህ ብርድ፣ እንቅልፋችሁን ትታችሁ አሉ። ወደ እያንዳንዱ እየሄዱ ትከሻ ይስማሉ፤ የእድሩን ዳኛ ልጅህን ይማርልህ ይላሉ፣ ፊርደውስን አሏህ ይስጥሽ ይላሉ፣ ሁዜይፋን ባንተ እኮ ነው ለዚህ የበቃሁ ይሉታል፤ ሁዜይፋ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ቱሪስት ትላላችሁ፣ ሐጅ የምሄድ አስመሰላችሁኝ እኮ አሉና ሳቁ። የሚስቅ ሰው ፍለጋ ዐይናቸው በሰዉ ላይ ዞረ። የኔ ሳቅ ነበር የጎደለው። ልስቅ ሞከርኩ፣ አልወጣም። መምሬ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጠረጉና እንደገና ጠረጉ። በዚህ ጊዜ ከኋላቸው የቆሙት አያ ገበየሁ ታዩ።

«ገበየሁ?» አሉ እትዬ አልታየች። «አዝመራ ነው አልመጣም ብለህ የለ?»

ከመናኸሪያው በኩል የደሴው አውቶቡስ ጥሩንባውን ሁለቴ ነፋ። እትዬ አልታየች ወደ ድምፁ ዞር አሉ፤ ተመልሰው ወንድማቸውን አዩ፣ መምሬን አዩ፣ ዛሬ ሽንኩርት ያልያዘችውን ሸዋረግን አዩ። ሻንጣውን አቆሙና ቀስ ብለው ላዩ ላይ ተቀመጡ። ሸዋረግና ፊርደውስ ጠጋ ሲሉ በእጃቸው ከለከሏቸው። በመጨረሻ ቀና ብለው የፈለጉት እኔን ነው።

«ላቀው» አሉኝ። «ያቺን ጥያቄ ጠይቀኝ እስቲ።»

መምሬን አየሁ፤ መምሬ መሬት ያያሉ።

«ጠይቀኝ እንጂ። እንደ ትናንቱ አይሆንም፤ ዛሬ ደህና አድርጌ እመልሳለሁ።»

አንቺ ማለት አቃተኝ። ድምፄን ማወፈርም አቃተኝ። «እዚያ ዘመድ አለዎት ወይ?» አልኩ።

«አለችኝ» አሉ። «ልጅ አለችኝ። ምስክር ትባላለች።»

አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ባሉ ቁጥር ስንስቅባቸውና ስናርማቸው የከረምን ሰዎች ሁላችንም እዚያ ቆመን ነበር። ያን ጠዋት ያረማቸው የለም።